ሳይነጋገሩ የሚሸከሙ አማቾች

«ትልቋን መስታወት የምናነሳት ዛሬ ነው ወይ ይልሃል» አለች ሚስት፣ ስልኩን ከጆሮዋ ፈቀቅ አድርጋ። ባል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን እያጠለቀ ነበር። «ዛሬ ሥልጠና ነው፣ ትልቋ ለነገ ተላልፋለች በይው» አላት። ወደ ስልኩ ተመልሳ ይህንኑ ደገመችለት። «ባለ ስምንት ሚሊ ናት ወይስ ባለ አሥር ይልሃል።» «ባለ አሥር።» «ባለ አሥር ናት ወንድምዓለም። እሺ። እሺ። በል ቁርስ ሳትበላ እንዳትወጣ።» ስልኩን ዘግታ ወደ ሻይዋ ዞረች። ባሏና ወንድሟ አንድ መስታወት ቤት ውስጥ ይሠራሉ። አንድ መስታወት በሁለት ጫፍ ይዘው የሰው ደረጃ ይወጣሉ፣ በረንዳ ላይ ይቆማሉ፣ ሲመሽ በአንድ መኪና ይመለሳሉ። ቃል ከተለዋወጡ ግን ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ስለዚህ ለሥራ የግድ መባል ያለበት ነገር ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል። የመስታወት ቤቱን ደጃፍ እንኳ ረግጣ የማታውቅ ሴት፣ የትኛው ደንበኛ ቤት አሳንሰር እንዳለ፣ የትኛው ፍሬም እንደጠበበ፣ የመስታወት ማጣበቂያው ሲልከን በየትኛው ሱቅ እንደረከሰ ከማንም በላይ ታውቃለች። ደመወዝ የሌላት የመስታወት ቤቱ ሠራተኛ ብትባል ማጋነን አይሆንም።

ባልየውን የሥራ ባልደረቦቹ ሚሊ ይሉታል። ሁሉን ነገር በሚሊ መለካት ስለሚወድ ነው፤ ዳቦ ሲቆረስ እንኳ ያንተ ጎን በሁለት ሚሊ ይበልጣል ማለቱ አይቀርም። ከአልጋው ተነስቶ ለሥልጠናው የታደለውን ቢጫ ቲሸርት ሲለብስ እምብርቱ ላይ ቀረበት። ደረቱ ላይ «አንድ ልብ፣ አንድ ቡድን» የሚል ተጽፎበታል። ሚስቱ ወደ ታች ልትስብለት ሞከረች፤ ጨርቁ እሺ አላለም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑና ምድጃው እየተጋፉ ነው የሚኖሩት፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ለመልበስ ከፈለገ አንዱ አልጋው ላይ መውጣት አለበት። «ለመሆኑ ሥልጠናው ስለምንድን ነው?» አለችው። «ስለ መግባባት ነው አሉ።» ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ቀረና ሻዩን ትቀዳ ጀመር። እሱም ጠጣ። በዚህ ቤት ውስጥ ሳቅ መሀል ላይ ሲቀር ሁለቱም ለምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው ያልፉታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የእሷና የወንድሟ እናት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አጠገባቸው ያደረችው እሷ ናት። ገና በማለዳ ለባሏ ደውላ እናቷ ቀኑን እንደማይውሉ ሐኪሙ እንደነገራት ነገረችው። በዚያን ጠዋት ሁለቱ ወንዶች አንድ ረጅም ሕንጻ ላይ ወጥተው ትልቅ መስታወት ሊገጥሙ ነበር። «እንዳትነግረው» አለችው። «እዚያ ላይ ቆሞ እጁ ከሚንቀጠቀጥ ይቅርበት። በአንድ ቀን ሁለት ሰው አልቀብርም። ሲወርድ እኔው እነግረዋለሁ።» ሚሊ አልነገረውም። መስታወቱ ተገጠመ። ሲወርዱ እናትየው አልፈው ነበር፤ እስከ መጨረሻው «ልጄስ? መጣ?» ይሉ እንደነበረ ከጎን የተኙት በሽተኞች ሳይቀሩ ተናገሩ። ልጅየው «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» ብሎ አማቹን ጠየቀ። «ከጠዋት» አለ ሚሊ። «ነርሷ ደውላ ነገረችኝ። ሳልነግርህ የቀረሁት እኔ ነኝ።» ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ነበር። አፏን ልትከፍት ስትል ወንድሟ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ማልቀስ ጀመረ፤ እሷም ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር አለችው። በዚያው ቀረ። ወንድሟ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ በዓለም ላይ ያለችው እሷ ናት። እሑድ እሑድ እሷ ዘንድ ይበላል። ሚሊም እሑድ እሑድ ጸጉሩን ሊስተካከል ይወጣል፤ ገና ሳያድግ የሚስተካከል ብቸኛ ደንበኛ ነው እያለ ጸጉር አስተካካዩ ይስቅበታል። ቅሬታ አሰምቶ አያውቅም። ሚስቱም አመስግናው አታውቅም፤ ማመስገን ማለት ነገሩን ማንሳት ነዋ።

ሥልጠናው የተዘጋጀው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የመዝናኛ ክበብ ነው። ሰፊ ሣር፣ እግራቸው የተንሻፈፈ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ ውሃው የደረቀ መዋኛ ገንዳ። የመስታወት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ባለፈው ወር አንድ ስብሰባ ላይ ተገኝታ፣ ሠራተኞቹን የሚያጫውት ድርጅት ሥራው እንደሚቃና ሰምታ መጥታለች። መጫወቻው ቀርቶ አዲስ ጓንት ቢገዛልን ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ሻይና ኬኩ ሲቀርብ ግን አጉረምራሚ ጠፋ። አሰልጣኙ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ፣ ድምፁ የማይደክም ወጣት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሰው ሲስቅ ከልቡ ይደሰታል፣ ስሙን ያልያዘውን ሰው ሁሉ «ጀግናዬ» ይላል። መጀመሪያ ዓይን ተሸፍኖ ወደ ኋላ መውደቅ ነበር፤ ጓደኛ ከኋላ ይቀበላል። ሽማግሌው መስታወት ቆራጭ እምቢ አለ። «ዕድሜ ልኬን እንዳልወድቅ ስጠነቀቅ ኖሬ ዛሬ ውደቅ ይለኛል እንዴ ይሄ ልጅ?» አለና ኬኩን ይዞ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ማንም አላስገደደውም።

ቀጥሎ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ እስከ አፋቸው ውሃ የተሞሉ ብርጭቆዎች የተደረደሩበትን ጣውላ በሁለት ጫፍ ይዘው በገመድ ሥር ማለፍ፣ በጎማዎች መሀል መራመድ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ መውጣትና መውረድ ሆነ። ገንዘብ ያዧና ሾፌሩ ቀደሙ። «ወደ ቀኝ!» «የማን ቀኝ?» «የኔ ቀኝ!» «ያንቺ ቀኝ ለኔ ግራ ነው እኮ!» ሲባባሉ ውሃው ሁሉ የገንዘብ ያዧ ጫማ ውስጥ ገባ። ሌሎቹም ከዚያ የተሻለ አላደረጉም፤ ሣሩ ጨቀየ። ከዚያ ሚሊና አማቹ ተነሱ። ሚሊ ከፊት፣ አማቹ ከኋላ፣ በሥራቸው ላይ እንደለመዱት። ፊተኛው ክብደቱን ትንሽ ወደ ራሱ ሲስብ ኋለኛው ይቆማል፤ ሲለቅለት ይሄዳል። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። መነጋገር ሲያቆሙ በተሸከሙት ነገር በኩል መደማመጥ ጀመሩ እንጂ። ሚሊ አማቹ ጉንፋን ሲይዘው፣ እንቅልፍ አጥቶ ሲያድር፣ ሆድ ሲብሰው፣ ሁሉንም በመስታወቱ ጫፍ ላይ ያውቀዋል፤ ሌላውም የሱን እንደሚያውቅ ይጠረጥራል። ገመዱን አለፉ፣ ጎማዎቹን አለፉ፣ አግዳሚው ላይ ወጥተው ወረዱ። ጣውላው ላይ ጠብታ አልነበረም።

ሠራተኛው አጨበጨበ። አሰልጣኙ ግን ግንባሩን ቋጥሮ ቀረበ። «ጀግኖቼ፣ አንድ ቃል አልተነጋገራችሁም! የጨዋታው ቁም ነገር እኮ መነጋገር ነው። ነጥባችሁ ዜሮ ነው» አለ። ጫማዋን እያራገፈች የነበረችው ገንዘብ ያዥ ከአፏ አመለጣት። «እነሱ እኮ አይነጋገሩም። አማቾች ናቸው፤ ከተኳረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።» ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ረፍዷል። ሥራ አስኪያጇ ከወንበሯ ተነሳች። ሠራተኛው በሙሉ የሚያውቀውን ነገር እሷ ብቻ አለማወቋ ይበልጥ ሳያናድዳት አልቀረም። «ሦስት ዓመት ሙሉ ደንበኛ ቤት የምልካችሁ ሳትነጋገሩ ነው?» «ከእነሱ በቀር ሳይሰብር የሚያደርስልሽ ማን አለና?» አለ ቆራጩ ከጥላው ሥር። እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑ ግን አልጠቀመም። «ነገ አንድ ነገር ቢሆን የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለች። «ዛሬ እዚሁ ትነጋገራላችሁ። ካልሆነ ከነገ ጀምሮ ለየብቻ እመድባችኋለሁ።»

ሚሊ ፈራ። ለየብቻ ከተመደቡ ከአማቹ ጋር የቀረው ነገር ሁሉ አለቀ ማለት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝምድናው የነበረው ደረጃ ላይ፣ በሁለት እጅ ጣቶች መሀል ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ዝምድና ነው። ከተነጋገሩ ደግሞ ነገር ነገርን ይመዛል፤ የመጨረሻው ጫፍ ላይ የሚገኘው የሚስቱ ስም ነው። አሰልጣኙ በበኩሉ ዓይኑ በርቷል። እንዲህ ያለ ዕድል በየሥልጠናው አይገኝም። ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ሣሩ መሀል አስቀምጦ ፊት ለፊት አቀመጣቸው፤ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሌላው ሠራተኛ ቢጫ ለብሶ ዙሪያውን ቆመ። «ደንቡ ቀላል ነው» አለ አሰልጣኙ። «አንድ ጥያቄ፣ አንድ እውነተኛ መልስ።»

አማቹ መሬት መሬት ያያል። እጆቹን በጉልበቶቹ መሀል አጣብቋቸዋል፤ የመስታወት ጠባሳ የሌለበት ጣት የለውም። ከዚያ ቀና ሳይል «እናቴ እንደምትሞት እያወቅክ ለምን አልነገርከኝም?» አለ። ድምፁ ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው ትንሽ ወፍሯል። ሚሊ ወደ እሱ ጎንበስ አለ። «ፈራሁ» አለ። «እዚያ ላይ ቆመህ እጅህ ይንቀጠቀጣል ብዬ ፈራሁ። ብትወድቅ ለእህትህ ምን ብዬ እነግራታለሁ? በአንድ ቀን ሁለት ሰው እንዴት ትቀብራለች ብዬ ፈራሁ። አጠፋሁ። እናትህን ነጠቅኩህ።» ከተናገረው ውስጥ ውሸት የለም። የጎደለው አንድ ስም ብቻ ነው። አማቹ አሁን ቀና አለ። «እኔ መስታወቱን ብለህ ነው ብዬ ነበር» አለ። «ከእናቴ መስታወቱን አስበልጠህ። ይሄ ነበር የሚያበግነኝ፣ ሌላ ምንም አይደለም።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «መስታወቱን አይደለም» አለ ሚሊ። አማቹ ተነሳ፤ ሚሊም ተነሳ፤ ማን ቀድሞ እጁን እንደዘረጋ ሳይታወቅ ተቃቀፉ። ጭብጨባው ቀለጠ። ገንዘብ ያዧ አለቀሰች፣ አሰልጣኙ ራሱ ዓይኑን ጠረገ፣ ሥራ አስኪያጇ ፎቶ አነሳች። አሰልጣኙን ማማት ይቀል ነበር፤ ነገር ግን የሠራውን ሠርቷል። ሚሊ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለለው። ቲሸርቱ እንኳ የሰፋው መሰለው።

ምሳ ገና ሳይነሳ የሥራ አስኪያጇ ስልክ ጮኸ። ነገ ትልቋ የምትገጠምላቸው ደንበኛ ናቸው፤ በተሰበረው መስኮት ላይ የተመታውን ጣውላ ነፋስ ገንጥሎታል፣ ሰማዩም ጠቁሯል። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሥራ አስኪያጇ ሁለቱን አየች፣ እነሱም እርስ በርስ ተያዩ። «እንሂድ» አለ አማቹ፤ ለእሷ ሳይሆን ለሚሊ። እንደ ጉድ ደስ አላት። ሾፌሩ መኪናውን አስነሳ፣ መስታወት ቤቱ ደርሰው ትልቋን ጭነው ወጡ፣ ሦስቱም ከፊት ተጣበው ተቀመጡ።

አማቹ ወሬውን ሊያቆም አልቻለም። የሦስት ዓመት ወሬ በሆዱ አጠራቅሞ ኖሯል። ክራንቻውን ሲነቀል ሐኪሙ የተሳሳተውን ጥርስ ሊነቅልበት እንደነበረ፣ አከራዩ ውሻ ገዝተው ውሻው እሳቸውን ብቻ እንደሚነክስ፣ ሊያገባት ጥቂት የቀረው ልጅ እንደነበረች ነገረው። «አንተን ላማክርህ ፈልጌ ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለው። ጋሼ ካለው ሦስት ዓመቱ ነው። «ቀለበቷን እስክመርጥ ደርሼ ነበር። ለማን ልንገር? እህቴ ሁሉን ሴት ትወዳለች፣ ያንተ ዓይን ነበር የሚያስፈልገኝ።» «ምን ሆነች ታዲያ?» «ሌላ አገባቻ።» ሳቁ፤ ሾፌሩም ሳቀ። ሚሊ ከእንግዲህ ለእኔው ደውል አለው፤ አማቹ የሚሊን ቁጥር ከስልኩ አጥፍቶት እንደነበር አፍሮ አመነ። «የሚገርምህ፣ ባለፈው እሑድ እህቴ ስልኳን የት እንዳስቀመጠችው ጠፍቷት፣ ላንተ ልደውል ብላ የኔን ተቀበለችኝ። እኔ አጥፍቼዋለሁ፣ እሷ በቃሏ አታውቀውም። እንኳን ያንተን የራሷን ቁጥር አታውቅም እኮ! የዛሬ ስንት ዓመት ነው አንድ ስልክ ይዛ የምትኖረው? ስልኳ ከሞተ እሷም አብራ ሞተች ማለት ነው።» ሾፌሩ የኔዋም እንደዚሁ ናት አለ። አማቹ ሲስቅ ቆየና ሳቁ ቀስ እያለ ሄደ። በመስኮቱ በኩል መንገዱን ያይ ጀመር። ሚሊ ይህን ያስተዋለው ዘግይቶ ነው፤ ልቡ ገና ክራንቻው ጋ ነበር።

የመምህርቷ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ደግሞ ለሰው እንጂ ለመስታወት አልተሠራም። ትልቋን ከመኪናው አውርደው በጎኗ አቆሟት፤ ሚሊ ከፊት፣ አማቹ ከኋላ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ በየመታጠፊያው የሰው የአበባ ማሰሮና የልጅ ብስክሌት ቆሟል። የመጀመሪያውን ፎቅ እንደ ወትሮው ዝም ብለው አለፉ። ሁለተኛው ላይ ሊታጠፉ ሲሉ አማቹ ተናገረ።

«ጋሼ።»

«እ።»

«ያን ቀን ነርሷ ናት የደወለችልኝ ያልከው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ቁጥርህን ማን ሰጣት? የእህቴ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነበር፣ በቃሏም አታውቀው።»

መስታወት ይዞ ደረጃ ላይ የሚቆም ሰው ፊቱን ማዞር አይችልም፤ ሚሊ የሚያየው የተላጠውን ግድግዳ ብቻ ነው። «ሆስፒታሉ መዝግቦት ነበር፣ ስናስገባቸው» አለ። ድምፁ ምንም አልሆነም። ውሸቱም ደህና ውሸት ነበር፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢናገረው ማንም ያምነዋል። እጁ ግን አፉን ሊከተለው አልቻለም። ሳያውቀው ክብደቱን ወደ ራሱ ሳበ፤ አማቹም ከኋላ ቆመ። ሚሊ ወዲያው ሊለቅ ሞከረ፣ ዘገየ። የሆነው ሁሉ በአንዲት ትንፋሽ ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ጫፍ ሲያዳምጥ ለኖረ ሰው ይህ በቂ ነው። ሚሊ መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ ጠበቀ። ቢንቀጠቀጥ ይሻለው ነበር። አልተንቀጠቀጠም።

«እህቴ ናት የደወለችው» አለ አማቹ። ጥያቄ አልነበረም።

ሚሊ ምን ሊል ይችላል? አዎ ቢል ሚስቱን አሳልፎ ሰጠ፤ አይደለም ቢል ደግሞ ይኸው ሰውየው በእጁ ይዞታል። ከታች ከሰው ቤት የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል። «ልቀቀው ጋሼ፣ እንውጣ» አለ አማቹ በመጨረሻ። ሚሊ ለቀቀ፤ ወጡ።

መምህርቷ ዕቃውን ሁሉ አንሶላ አልብሰውታል። በክፍቱ መስኮት ነፋስ ይገባል፣ መጻሕፍታቸውን ከመደርደሪያው አውርደው አልጋቸው ላይ ቆልለዋል። የመስታወት ዋጋ እንዴት እንዲህ ናረ፣ ድሮ በዚህ ዋጋ ሙሉ ቤት ይሠራ ነበር እያሉ ተከተሏቸው። ሁለቱ ፍሬሙን ጠረጉ፣ ትልቋን አንስተው ቦታዋ ላይ አስገቧት፣ ሚሊ ሲልከኑን ዙሪያውን ሲቀባ አማቹ በሁለት መዳፉ ደግፎ ቆመ። ዝናቡ እነሱ ሳይጨርሱ ጀመረ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ቀረ። ክፍሉ ጸጥ ሲል መምህርቷ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ተባረኩ። ስትሠሩማ እንዴት ደስ ትላላችሁ! አትጠራሩ፣ አትጯጯሁ። ወንድማማቾች ናችሁ?» «አዎ» አለ አማቹ። «ታላቄ ነው።» ሚሊ ሲልከኑን የያዘ እጁን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ዓይኑ ሞልቶ ነበር። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተመኝቶታል፤ ዛሬ ግን ከማን ተነጥቆ እንደተሰጠው ያውቃል።

ታች ሲወርዱ ዝናቡ አባርቷል። ሾፌሩ የመኪናው ወንበር ላይ አንቀላፍቷል። አማቹ ጓንቱን አውልቆ አንዱን በሌላው ውስጥ አጠፈው። «እሑድ እሑድ አንተን ሳማህ እህቴ ትሰማኝ ነበር» አለ። «ምን አባቱ ሆኖ ነው እናቴን የነጠቀኝ ስል፣ ወጥ ትጨምርልኝ ነበር።» «ላንተ ብላ ነው» አለ ሚሊ። «እንዳትወድቅባት ፈርታ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ አንተን ማጣት ፈራች። አትፍረድባት፣ እባክህ። የምትሰድበው ሰው ከፈለግክ እኔን ስደብ፣ ለምጄዋለሁ።» አማቹ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። «አንተን አልሰድብም» አለ። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንገናኘው?» «እንደ ወትሮው።» «እሺ ጋሼ» ብሎ መኪናውን ሳይጠብቅ በእግሩ ሄደ። የሚሄድበት መንገድ ወደ እህቱ ቤት የሚወስደው አልነበረም።

ሚሊ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ገንዘብ ያዧ ደውላላት ኖሯል፤ ፎቶውም በስልኳ ደርሷታል። ሮጣ አቀፈችው፣ ከዚያ ፎቶውን አሳየችው፤ ሁለት ቢጫ ወንዶች ሣር ላይ ተቃቅፈዋል። «ይኸው ወንድሜ! ይኸው ባሌ! ይቺን ቀን ሳላይ እሞታለሁ ብዬ ነበር እኮ» እያለች ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ እንደገና ታለቅሳለች። ጭቃ የነካውን ቲሸርት ራሷ አወለቀችለት። እሑድ ሦስታችንም አንድ ላይ እንበላለን አለች፣ ከእንግዲህ ጸጉርህን በወር አንዴ ነው የምትቆረጠው አለች። ለወንድሟ ሁለት ጊዜ ደውላ እንዳላነሳ፣ እየታጠበ መሆን እንዳለበት፣ ከዚያ ዓይነት ሥልጠና የመጣ ሰው መታጠብ እንዳለበት ነገረችው። ሚሊ አልጋው ላይ ተቀመጠ። እሷ ጫማዋን ከአልጋው ሥር ስባ አወጣች። ስልክ አይበቃም፣ ሄዳ ዓይኑን ማየት አለባት። አንደኛውን አጠለቀችና ሁለተኛውን በእጇ ይዛ፣ ዝምታውን ያኔ ሰማችው።

«ምነው? ምን ሆነሃል?» አለችው።

«አወቀ» አለ ሚሊ።

ምኑን ብላ አልጠየቀችም። ጫማው በእጇ እንዳለ ቆመች። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ጉልበቷ ጉልበቱን ነክቶታል።

«ነገርከው።»

«አልነገርኩትም።»

«ታዲያ በምን አወቀ?»

ሚሊ ሊያስረዳት ፈለገ። እጁን አነሳ፣ ጣቶቹን እንደሚይዝ ሰው አጠፋቸው፣ ከዚያ መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው። ምን ሊላት ነው? እጄ ነው የነገረው ሊላት ነው? «ደረጃ ላይ ጠየቀኝ፣ እኔ ዋሸሁት፣ አላመነኝም» አለ።

እሷ አየችው። ከዚያ ፎቶውን አየች፤ ስልኩ አልጋው ላይ ገና በርቶ ነበር። «ጋሼ አለህ?» አለችው። «አዎ።» ራሷን ነቀነቀች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። «ሦስት ዓመት የቻልከውን ዛሬ አንድ ቀን መቻል አቃተህ?» አለች። «እንድትታረቅ ነው? እሱን ለማግኘት በእኔ ነው የገዛኸው?» ጎንበስ ብላ ሁለተኛውን ጫማ አጠለቀች፣ ክሩን ሳታስር ወጣች። በሩ ክፍት ቀረ።

ሚሊ ኮቴዋን ደረጃው ላይ ሰማ፤ ትሮጣለች። ሊከተላት ተነሳና በሩ ድረስ ሄደ። የወንድሟ በር ላይ ደርሳ ስታንኳኳ በዓይነ ሕሊናው ታየው፤ ይክፈት አይክፈት ግን አልታየውም። «አልነገርኩትም እኮ» አለ ሚሊ። የሰማው ሰው አልነበረም።